የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ባሕር ማዶ ለሚሠራ ዘመድ ቤተሰብ ምን ሊያደርግ ይችላል?

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሥራ ፍለጋ ባሕር ስለተሻገሩ ወገኖችና ስለሚጠባበቋቸው ቤተሰቦች የተጻፉትን ሰብሰብ አድርገን አቅርበናል። የጸሐፊዎቹን ማንነት ሊያሳውቅ የሚችለውን ነገር ሁሉ አውጥተናል፤ ደብዳቤዎቹንም አሳጥረናል። መልሶቹ አጠቃላይ በመሆናቸው ጉዳዩ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ሲሆን የሕግ ባለሙያ ማማከርን አይተኩም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤው ሀገር በቤት ሠራተኝነት ከሄደች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ከሰባት ወር ወዲህ ደመወዝ አልተከፈላትም። ስልኳን አሠሪዋ ስለያዘችባት ድምፅዋን የምንሰማው በሳምንት አንዴ፣ እሱም ተደብቃ በምታገኘው ጥቂት ደቂቃ ነው። ፓስፖርቷም በእነርሱ እጅ ነው። ወንድሜ የላከችልንን የድምፅ መልእክት ከፎቶዋ ጋር አድርገን በፌስቡክና በቲክቶክ እንልቀቀው እያለ ነው፤ እኔ ግን ፈራሁ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ መፍራትዎ ተገቢ ነው፤ ለጊዜው አትልቀቁት። ምስሉ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ቀድሞ የሚያየው ኤምባሲው ሳይሆን የአሠሪዋ ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ እህትዎ ደግሞ ዛሬም በዚያው ቤት ውስጥ ናት። በሳምንት አንዴ የምታገኛት ደቂቃም ያኔ ትቋረጣለች። ከዚህም ሌላ በአንዳንድ ተቀባይ ሀገራት ሰውን በስምና በምስል በአደባባይ መወንጀል በስም ማጥፋት የሚያስከስስ በመሆኑ፣ ከሳሽ መሆን የሚገባት ተበዳይ ራሷ ተከሳሽ ሆና ልትገኝ ትችላለች።

ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለባት እርሷ ናት። ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ «ልጃችንን አምጡልን» ብሎ ይነሣል፤ ሠራተኛዋ ግን የሰባት ወር ላቧን ጥላ መምጣት ላትፈልግ ትችላለች። ደመወዟ ተከፍሏት ውሏን መጨረስ፣ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር ወይም ወደ ሀገር መመለስ ሦስት የተለያዩ ፍላጎቶች ናቸው፤ ማመልከቻቸውም፣ የሚመለከታቸው ቢሮም ይለያያል። እርሷ ሳትወስን ቤተሰብ «ትመለስ» ብሎ ካመለከተ በኋላ ኤምባሲው ሲጠይቃት «አይ፣ እቆያለሁ» ካለች አቤቱታው እዚያው ይዘጋል፤ በድጋሚ ለመክፈትም ከባድ ነው። ጊዜዋ አጭር ስለሆነ ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ በ«አዎ» እና በ«አይ» ብቻ ልትመልሳቸው የምትችላቸው ይሁኑ። አሠሪዋ አጠገቧ ስትሆን ይህንኑ የምታሳውቅበት አንድ ተራ ቃልም ተስማሙ።

ሁለተኛው ሥራ ሰነድ ማደራጀት ነው፤ በዚህ ላይ ጠንከር ብለን እንናገራለን፤ ምክንያቱም ለመርዳት ቅን ልቡና ያለው ሁሉ እጁ የሚያጥረው እዚህ ላይ ነው። «እህቴ አረብ ሀገር ናት፣ እርዱኝ» የሚል ማመልከቻ የተቀበለ ሰው ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። የተፈረመውን ውል፣ የቪዛውንና የፓስፖርቱን ቅጂ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቁጥሯን፣ የአሠሪውን ሙሉ ስምና ስልክ፣ ቤቱ የሚገኝበትን ከተማና ሰፈር፣ በተቻለም ከስልክ የተላከ የቦታ ምልክት፣ በሁለቱም ሀገራት ያሉትን ኤጀንሲዎች ስም፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደመወዝ የተከፈለበትን ቀን አሰባስቡ። የላከቻቸው የድምፅ መልእክቶች ከስልኩ ሳይጠፉ በሌላም ቦታ ይቀመጡ። ከዚህ በኋላ በደወለች ቁጥር ቀኑንና የተናገረችውን በደብተር ጻፉ። ከጊዜ በኋላ ነገሩ ሲከራከር የሚያስረዳላችሁ ይህ ደብተር ነው።

ከዚያ በጽሑፍ አመልክቱ፤ ላኪው ኤጀንሲ ዘንድ፣ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው የሀገራችሁ መሥሪያ ቤት ዘንድና በምትሠራበት ሀገር ያለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ዘንድ። በ1963 የተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት የዜጎችን ጥቅም መጠበቅንና ችግር ላይ የወደቀውን መርዳትን ከቆንስላ ተግባራት መካከል ይቆጥራቸዋል፤ ስለዚህ የምትጠይቁት ውለታ አይደለም። ያስገባችሁት ማመልከቻ ገቢ የተደረገበትን ቁጥርና ቀን ሳትቀበሉ ከቢሮው አትውጡ። ለሁሉም የምትሰጡት ጽሑፍ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ለአንዱ «ስድስት ወር»፣ ለሌላው «ስምንት ወር» ብሎ የተጻፈ አቤቱታ አሠሪው ጠበቃ ቢያቆም የመጀመሪያ ማጥቂያው ይሆናል።

የእህትዎ ሁኔታ በሕግ ዓይን ስም አለው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራ መለያ ብሎ ከዘረዘራቸው 11 ምልክቶች ውስጥ ደመወዝ መከልከል፣ የማንነት ሰነድ መያዝና ከሰው መነጠል ይገኙባቸዋል፤ ሦስቱም በደብዳቤዎ ውስጥ አሉ። በማመልከቻችሁ ውስጥ «በደል ደረሰባት» ከማለት ይልቅ እነዚህን ሦስቱን በየስማቸው ጥቀሱ። ይኸው ድርጅት በ2011 ያጸደቀው የቤት ሠራተኞች ስምምነት ቁጥር 189 ደመወዝ ቢያንስ በወር አንዴ እንዲከፈልና ሠራተኛዋ ሰነዶቿን በእጇ የመያዝ መብት እንዳላት ይደነግጋል፤ ነገር ግን የሚያስገድደው ያጸደቁትን ሀገራት ብቻ ስለሆነ፣ የበለጠ የሚያዋጣው የዚያችን ሀገር የራሷን ሕግ መጥቀስ ነው። ኩዌት በ2015፣ ኳታር በ2017 የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ሕግ አውጥተዋል፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም በ2017 ያወጣችውን በ2022 በአዲስ ተክታዋለች። የአንድ ሀገር ባለሥልጣን የራሱን ሕግ ሲያነቡለት የሚሰጠው ትኩረት፣ ሀገሩ ያልፈረመችውን ስምምነት ሲያነቡለት ከሚሰጠው ይበልጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ፣ በሊባኖስና በዮርዳኖስ በተስፋፋው የከፋላ ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ነው፤ ስለዚህ ከቤት የወጣችን ሠራተኛ «ጠፋች» ብሎ ማመልከት ለአሠሪው ቀላል ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ያሉ ሠራተኞች «ሁሩብ» የሚሉት ይህንኑ ነው። በመሆኑም ልትወጣ ከሆነ መድረሻዋ ኤምባሲ፣ ፖሊስ ወይም የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ይሁን፤ በደላላ በኩል ወደ ሌላ ቤት መግባቷ የሰባት ወር ደመወዟን የመጠየቅ አቅሟን ያዳክመዋል። ድብደባ ወይም ጾታዊ ጥቃት ካለ ግን ይህ ሁሉ ስሌት ይቀራል፤ ሰነድም፣ ደመወዝም፣ ሻንጣም ሳትጠብቅ ነፍሷን ታድን።

ወደ ወንድምዎ ሐሳብ ስንመለስ፣ የአደባባይ ጩኸት ፈጽሞ አይጠቅምም አንልም። የቢሮ በር ሁሉ ተንኳኩቶ መልስ ከጠፋ፣ እርሷም ከዚያ ቤት ወጥታ ፈቃዷን ከሰጠች፣ ፊቷም ከተሸፈነ የተዘጋ ጉዳይ የተከፈተበት ጊዜ አለ። እንዲያም ሲሆን ይህን ሥራ በሚያውቅ የስደተኛ ሠራተኞች ድጋፍ ሰጪ ድርጅት በኩል ቢሆን ይመረጣል። የቤት ሠራተኞች ራሳቸው በ2013 በሞንቴቪዴዮ የመሠረቱት ዓለም አቀፍ የቤት ሠራተኞች ፌዴሬሽን በብዙ ሀገራት አባል ማኅበራት አሉት።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ውጭ ሀገር የምሠራ ነኝ። አሠሪዬ ፓስፖርቴን «እንዳይጠፋብሽ» ብሎ ወስዶ ካዝናው ውስጥ ቆልፎበታል። ደግ ሰው ነው፣ ደመወዜንም ይከፍለኛል። ዝም ልበል?

መልስ፦ ደግነቱን አንጠራጠርም፤ ይሁንና የሰው ፓስፖርት በሌላ ሰው ካዝና መቀመጡ በደግ ሰው እጅም ቢሆን ልክ አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1990 ያጸደቀው የስደተኛ ሠራተኞችና የቤተሰቦቻቸው መብቶች ስምምነት በሕግ ሥልጣን ከተሰጠው ባለሥልጣን በቀር ማንም ሰው የማንነት ሰነድ መቀማት እንደማይችል ይደነግጋል። ሀገሪቱ ያልፈረመች ብትሆን እንኳ በብዙ ተቀባይ ሀገራት የአገር ውስጥ ሕግም ይህ የተከለከለ ነው።

ዛሬ ሰላም ባለበት ጊዜ በትሕትና ይጠይቁት፤ «ኤምባሲ ለምዝገባ ጠይቆኛል» ማለት ብዙ ጊዜ በቂ ምክንያት ነው። በእጅዎ ሲገባ የሁሉንም ገጾች ፎቶ አንሥተው ለቤተሰብዎ ይላኩ፤ ቪዛውንና የመኖሪያ ፈቃዱን አይርሱ። አልሰጥም ካለ ግን አይጣሉ፣ ከካዝናውም አውጥተው አይውሰዱ፤ ስርቆት ተብሎ ሊከሰስብዎ ይችላል። ወደ ሀገር መመለስ ካስፈለገ ኤምባሲ የይለፍ ሰነድ፣ ብዙዎች «ሌሴ ፓሴ» የሚሉትን፣ ሊሰጥ ስለሚችል ፓስፖርት መያዙ የመጨረሻ እስር አይደለም። ይህን ሰነድ «አወጣልሻለሁ» ለሚል ደላላ ግን ገንዘብ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ለሹፌርነት ብሎ ውል ፈርሞ ሄደ። እዚያ ሲደርስ በማያነበው ቋንቋ ሌላ ወረቀት አስፈረሙት፤ አሁን በግንባታ ላይ ጉልበት ሥራ እየሠራ ነው፣ ደመወዙም ከተነገረው በግማሽ ያነሰ ነው። ለደላላው የከፈልነው ገንዘብ በወለድ የተበደርነው ነው። እኛም «ዕዳው እስኪያልቅ ታገሥ» እያልነው ነው። ልክ ነን?

መልስ፦ አባት ሆይ፣ በመጀመሪያ ስለመጨረሻው ጥያቄዎ እንነጋገር፤ ደስ ባይልም እውነቱን መናገር ይሻላል። «ዕዳው እስኪያልቅ ታገሥ» የሚለው ቃል ልጅዎን ከአሠሪው በላይ ያስረዋል። አሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ደመወዝ ዝቅ የሚያደርጉት ወይም የሚያዘገዩት መመለስ የማይችል ሠራተኛ ላይ ነው። የዕዳውን አከፋፈል ከአበዳሪው ጋር ተነጋግራችሁ ጊዜውን አራዝሙ፤ ለልጅዎም «ዕዳው የእኛ ጉዳይ ነው፤ አንተ ለራስህ የሚበጅህን ወስን» በሉት። ይህን ሳትሉ የምትጽፉት አቤቱታ ሁሉ ግማሽ ልብ ይሆናል።

የውል መለወጥ በዚህ ዘርፍ እጅግ የተለመደ ማታለል ነው። የሄደበትን ውል ዋናውን ወይም ቅጂውን እናንተ ዘንድ ፈልጉ፤ ከሌለ ኤጀንሲው ወይም ውሉን ያጸደቀው መሥሪያ ቤት ግልባጭ ሊኖረው ስለሚችል በጽሑፍ ጠይቁ። ልጅዎ ሁለተኛውን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ይላክ፤ መተርጎም የሚችል ሰው አስነብባችሁ በደመወዙ፣ በሥራው ዓይነትና በሥራ ሰዓቱ ላይ ያለውን ልዩነት በግልጽ አስፍሩ። በማያነበው ቋንቋ ማስፈረም ራሱ ለክርክር የሚረዳ ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ማን እንዳስፈረመው፣ የት፣ በስንት ቀን፣ አስተርጓሚ ነበረ ወይ የሚለውን ሳይረሳው ይጻፍላችሁ።

ስለ ደላላው ገንዘብ፣ የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የግል ቀጣሪ ኤጀንሲዎች ስምምነት ቁጥር 181፣ በ1997 የጸደቀው፣ ኤጀንሲዎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበሉ ይደነግጋል፤ ስምምነቱ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎችን ቢፈቅድም መርሁ ወጪውን አሠሪው ይሸከም የሚል ነው። በሕጋዊ ፈቃድ ከሚሠራ ኤጀንሲ ጋር ከሆነ የተዋዋላችሁት፣ ብዙ ላኪ ሀገራት ኤጀንሲውን ከውጭ ሀገሩ አሠሪ ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግ አላቸው። ይህ ለቤተሰብ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ ባሕር ማዶ ያለውን አሠሪ መድረስ ባትችሉ እንኳ ከቢሮው በር የምትደርሱበትን ኤጀንሲ የተጓደለውን ደመወዝ ልትጠይቁት ትችላላችሁና። የከፈላችሁት ለሰፈር ደላላ ከሆነ ደረሰኝ ላይኖር ይችላል፤ የባንክ ዝውውር፣ የስልክ መልእክት፣ ሲከፈል የነበረ ምስክር ግን ሁሉም ማስረጃ ነው። ደላላው ከኤጀንሲው ጋር ግንኙነት ካለው ይህንንም አሳዩ፤ ኤጀንሲዎች «አናውቀውም» ማለት ይቀናቸዋል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሚልክልኝ ገንዘብ ላይ ብዙ ይቆረጣል። በሰው እጅ ቢልክ አይሻልም?

መልስ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው። የዓለም ባንክ በሚያወጣቸው መረጃዎች 200 ዶላር ለመላክ የሚጠየቀው አማካይ ወጪ በቅርብ ዓመታት ከ6 በመቶ በላይ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የዘላቂ ልማት ግቦች ግን እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ይጠይቃሉ። ሆኖም ከአገልግሎት ክፍያው ሌላ የምንዛሪ ዋጋውም ስለሚቆርጥ፣ ባለቤትዎ ሁለቱን ደምሮ በተለያዩ ላኪዎች ያወዳድር፤ ጥቂት ጥቂት በየሳምንቱ ከመላክ በወር አንዴ መላክም ይቀንሰዋል። በሰው እጅ የሄደ ገንዘብ ግን ደረሰኝ የለውም፤ ነገ «ደመወዝ ከፍለነዋል፣ ይልክ ነበር» የሚል አሠሪ ቢመጣ፣ በየትኛው ወር እንደላከና በየትኛው እንዳልላከ የሚያሳየው የባንክ መዝገብ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድማችን በሥራ ላይ እያለ ሞተ ተባልን። የሞት ምስክር ወረቀቱ ላይ «የልብ መቆም» ይላል፤ ዕድሜው 31 ነበር፣ ሕመም አልነበረበትም። ድርጅቱ ወረቀት ልኮልን «ፈርሙ፣ ትንሽ ገንዘብ እንሰጣችኋለን፣ አስከሬኑንም እንልካለን» ብሎናል። ሐዘን ላይ ነን፣ ማሰብ አልቻልንም።

መልስ፦ ነፍሱን ይማር፤ ለእናንተም መጽናናትን ይስጣችሁ። አሁን ከምንናገረው ውስጥ አስቸኳይ የሆነው አንድ ብቻ ነው፦ ወረቀቱን አትፈርሙ። ሌላው ሁሉ ነገም ይደርሳል።

እንዲህ ያለው ወረቀት ብዙ ጊዜ «ከዚህ በኋላ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለንም» የሚል ዓረፍተ ነገር በውስጡ ይዟል፤ ቤተሰብም በሐዘን ጭጋግ ውስጥ ሆኖ ሳያነበው ይፈርመዋል። አስከሬን መላክን ከመፈረም ጋር ማያያዝ ተገቢ አይደለም። ከላይ የጠቀስነው የ1990ው ስምምነት በአንቀጽ 71 ሀገራት የሟች ስደተኛ ሠራተኞችን አስከሬን ወደ ሀገሩ የመመለሱን ሥራ እንዲያመቻቹ ያዛል፤ በብዙ የሥራ ውሎች ላይም ወጪው የአሠሪው ግዴታ ሆኖ ተጽፏል። ስለዚህ ውሉን ፈልጋችሁ ይህን አንቀጽ ተመልከቱ፤ ኤምባሲውም ድርጅቱን እንዲያስታውሰው በጽሑፍ ጠይቁ። በቪየናው የቆንስላ ስምምነት መሠረት የውጭ ዜጋ ሲሞት የዚያች ሀገር ባለሥልጣናት ያለመዘግየት ቆንስላውን የማሳወቅ ግዴታ ስላለባቸው፣ ኤምባሲው ጉዳዩን «አናውቀውም» ሊል አይገባም።

ስለ «ልብ መቆም» እንነጋገር። በባሕረ ሰላጤው ሀገራት የሞቱ በርካታ ወጣት ሠራተኞች የሞት ምስክር ወረቀት ላይ «ተፈጥሯዊ ምክንያት» ወይም «የልብ መቆም» ብቻ ተጽፎ መገኘቱን የመብት ተሟጋቾች ለዓመታት ሲያጋልጡ ኖረዋል። የሚሞት ሰው ሁሉ ልቡ ይቆማል፤ ለምን እንደቆመ ግን ወረቀቱ አይናገርም። ይህ የአጻጻፍ ግድየለሽነት ብቻ አይደለም። ሞቱ ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውም ከተባለ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ይቀራል፤ ገንዘቡ የሚወሰነው በዚያ አንድ መስመር ነው። ስለዚህ የአስከሬን ምርመራ እንዲደረግ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን መጠየቅ የሚቻለው አስከሬኑ ከዚያ ሀገር ሳይወጣ ነው፤ ውሳኔው ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ሃይማኖታችሁም ሆነ ልባችሁ ካልፈቀደ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም። ምርመራው ባይደረግም ሌሎች ማስረጃዎች አሉ፦ አብረውት የሚሠሩት ጓደኞች በዚያ ቀን ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ውጪ በፀሐይ ላይ እንደነበር ወይም እንዳልነበር፣ ደክሞኛል ብሎ እንደተናገረ ሊመሰክሩ ይችላሉ። ሙቀት ሰው እንደሚገድል ሀገራቱ ራሳቸው ያውቃሉ፤ ለምሳሌ ኳታር በ2021 ባወጣችው ደንብ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በገላጣ ቦታ መሥራትን ከልክላለች። ወንድማችሁ በተከለከለ ሰዓት ሲሠራ ከነበረ ይህ ብቻውን ጉዳዩን ይለውጠዋል። የጓደኞቹን ስልክ ዛሬውኑ ያዙ፤ ድርጅቶች ሠራተኞችን ወደ ሌላ ካምፕ ያዛውራሉና።

ድርጅቱ «ትንሽ ገንዘብ» ያለው ነገርም ተለይቶ መታየት አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያና የስንብት ክፍያ ሟቹ ሠርቶ ያገኘው ነው፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ሞት የሚከፈል ካሳ ደግሞ ሌላ ነው፤ መድን ከነበረውም ሦስተኛ ነው። ሁሉንም በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ «ስጦታ» ማለት የተለመደ ዘዴ ስለሆነ በዝርዝር እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። ወራሾች ከሆናችሁ የወራሽነት ማስረጃና ለኤምባሲው ወይም በዚያ ለሚገኝ ጠበቃ የተሰጠ ውክልና ያስፈልጋችኋል፤ ውክልናው በሁለቱም ሀገራት የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መረጋገጡን አትዘንጉ፤ ብዙ ፋይል ለወራት የሚቆመው በዚህ ማኅተም ምክንያት ነው። ውክልና የምትሰጡት ሰው ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን ይኑረው ወይስ የመከራከር ብቻ የሚለውንም በግልጽ ለዩት።

ጥያቄ፦ ዓምዳችሁን ሁልጊዜ አነባለሁ። ይህን ሁሉ መከራ እየዘረዘራችሁ መንግሥታት ለምን ፈጽሞ እንዳይሄዱ አይከለክሉም ብላችሁ አለመጻፋችሁ ይገርመኛል።

መልስ፦ ተሞክሯል። ኔፓል በ2012 ዕድሜያቸው ከ30 በታች የሆኑ ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ባሕረ ሰላጤው እንዳይሄዱ ከለከለች፤ ኢትዮጵያ በ2013 የጣለችውን እገዳ በ2018 አነሣች፤ ኢንዶኔዥያም በ2015 ወደ 21 የመካከለኛው ምሥራቅ ሀገራት የቤት ሠራተኛ መላክ አቆማለሁ አለች። ፍላጎቱ በሁለቱም በኩል እንዳለ ስለሆነ ሰዎቹ መሄዳቸውን አልተዉም፤ የጎደለው ውላቸው፣ ምዝገባቸውና ኤምባሲ የሚያውቃቸው መሆኑ ነው። በሌላ አነጋገር እገዳው ከላይ ለጠያቂዎቻችን «ሰብስቡ» ያልናቸውን ሰነዶች በሙሉ ያጠፋቸዋል። ለጎብኚነት በተሰጠ ቪዛ የሄደች ሠራተኛ ስትበደል መጀመሪያ የምትጠየቀው «እንዴት መጣሽ?» ተብላ ነው።

መንግሥትን መጠየቅ ካለብን ሌላ ነገር እንጠይቅ። በ1995 ፊሊፒናዊቷ የቤት ሠራተኛ ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን ሲንጋፖር ውስጥ በሞት ከተቀጣች በኋላ በሀገሯ የተነሣው ቁጣ በዚያው ዓመት የባሕር ማዶ ሠራተኞችን የሚጠብቅ ሕግ እንዲወጣ አስገድዷል፤ ሕጉ ኤጀንሲውን ከአሠሪው ጋር ተጠያቂ ያደርጋል። ሀገሪቱ ሠራተኞች በውል 25 ዶላር የሚያዋጡበት የድጋፍ ፈንድ አላት፤ በ2021 መጨረሻም ይህን ጉዳይ ብቻ የሚይዝ ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት አቋቁማለች። ፊሊፒኖች ችግራቸው አልቋል ማለታችን አይደለም፤ ዛሬም ብዙ በደል ይደርስባቸዋል። ነገር ግን አንዲት ሴት ስትበደል የምትሄድበት መጠለያና ፋይሏን የሚከፍት ሰው አላት። በሊባኖስም በ2015 የቤት ሠራተኞች ራሳቸው ማኅበር መሥርተዋል፤ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ቢነፍጋቸውም እንኳ ያሰባሰቡት ማስረጃ ለሌሎች ሠርቷል። የእኛ ምርጫ ከክልከላው ይልቅ ይኸኛው ነው፤ ሐሳብዎን ግን እናከብራለን።

ጥያቄ፦ ልጄ ከአራት ዓመት በኋላ ተባርራ፣ በለበሰችው ልብስ ብቻ ተመለሰች። አትናገርም፣ ሌሊት አትተኛም። ዘመድ ሁሉ «ገንዘቧን ምን አደረገችው?» እያለ ያስጨንቀኛል። እኔም አንዳንዴ እጠይቃታለሁ። ደመወዟ የቀረባት ይመስለኛል፤ አሁን ከተመለሰች ምን ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ እናታችን፣ ጥያቄውን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙት፤ ዘመድንም እርስዎ ያስቁሙልን። «በሰላም መጣሽልኝ» የሚለውን ቃል እስኪበቃት ትስማ። ያየችውን ለመናገር ግዴታ የለባትም፤ ለእርስዎም ቢሆን። እንቅልፍ ማጣቷና ዝምታዋ ከቀጠለ ግን ጉዳዩን ለጊዜ አይተዉት፤ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት፤ ከሐኪሙ ጋር ብቻዋን እንድትነጋገር እርስዎ ከክፍሉ ውጪ ይጠብቁ። ብዙ ተመላሾች በእናታቸው ፊት ሊናገሩ የማይችሉት ነገር አለ። ቶሎ ለመዳር ወይም «ሌላ ሀገር ይሻልሻል» ብሎ እንደገና ለመላክ የሚመጣ ምክር ካለም ለዓመት ያህል አይቀበሉት።

ስለ ደመወዙ፣ መባረሯ ጥያቄዋን አይሰርዝም። የ1990ው ስምምነት የተባረረ ሠራተኛ ያልተከፈለ ደመወዙን ከመሄዱ በፊትም ሆነ ከሄደ በኋላ የሚጠይቅበት በቂ ዕድል ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። በተግባር የሚያስቸግረው ጊዜው ነው፤ የደመወዝ ጥያቄ በአጭር ይርጋ፣ አንዳንዴም በአንድ ዓመት የሚታገድባቸው ሀገራት አሉ። ስለዚህ ልጅዎ እስክትረጋጋ ድረስ እርስዎ የሚችሉትን ይጀምሩ፦ የሄደችበትን ውል፣ የኤጀንሲውን ስም፣ ገንዘብ የላከችባቸውን የባንክ ደረሰኞች በየወራቸው ደርድረው ያስቀምጡ፤ የጎደሉት ወራት ከዚያ ይታያሉ። ለመናገር ስትዘጋጅ ታሪኳን በተመላሾች ድጋፍ ላይ የሚሠራ ባለሙያ አንድ ጊዜ በሥርዓት ይጻፍላት፤ ለእያንዳንዱ ቢሮ እንደ አዲስ እንድትተርክ አይደረግ። በጽሑፉ ላይ ፈርማ፣ ውክልናውንም በዚያ ሀገር ላለ ጠበቃ ወይም ለኤምባሲው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ከላከች በኋላ ጉዳዩን ቤት ተቀምጣ መከታተል ትችላለች።